«አሪፍ ነው» አይበቃም፦ ቀላል ጨዋታ መገምገምና መሥራት ለተማሪዎች

የአይሲቲ መምህር «አንድ ጨዋታ ገምግሙ፣ ከዚያ የራሳችሁን ቀላል ጨዋታ ሠርታችሁ አምጡ» ሲሉ ክፍሉ በደስታ ይጮኻል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚመጣውን ግን አውቀዋለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ ይዤው ሄጃለሁ። ግምገማው «ጨዋታው በጣም አሪፍ ነው፣ ግራፊክሱ ያምራል» የሚል ሦስት መስመር ነው። የተሠራው ጨዋታ ደግሞ የሚያምር መግቢያ ገጽ አለው፣ ሙዚቃ አለው፤ የሚጫወቱት ነገር ግን የለውም።

አብዛኛው ተማሪ የሚወድቀው በስንፍና አይደለም። ሥዕሉን አስቀድሞ ሕጉን ስለሚያስቀር ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን እንሄዳለን። ለግምገማው የምንጠቀመው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክሮም (የኢንተርኔት ማሰሻው) ላይ ብቅ የሚለውን፣ እየሮጠ ቁልቋል የሚዘለውን የዳይኖሰር ጨዋታ ነው። የምንሠራው ጨዋታ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ሥራ ነው፦ ስጥን ከዶሮ መጠበቅ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፦

- ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ
- አንድ ዳይስ (ከሌለ ከ1 እስከ 6 ጽፋችሁ ስድስት ብጣሽ ወረቀት ጠቅልሉ፤ እንደ ዕጣ እያወጣችሁ መልሱ)
- አሥር ያህል ቆርኪ እና እፍኝ ሽምብራ
- ስክራች (ብሎክ እየገጣጠሙ ጨዋታ የሚሠሩበት ፕሮግራም) የተጫነበት ኮምፒውተር እና ፍላሽ
- ጨዋታውን የሚሞክሩላችሁ ሦስት ሰዎች

ስክራች በነፃ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት አንድ ቀን አውርዳችሁ ጨርሱት። የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ አለ። ስልክ ላይ ግን አትሞክሩት፤ ስክሪኑ ጠቦ ያናድዳችኋል።

ሦስቱን ሰዎች ዛሬውኑ ለምኑ። የመጨረሻው ማታ ላይ የሚገኘው ሞካሪ የተኛ ወንድም ብቻ ነው።

ክፍል አንድ፦ ግምገማው

ደረጃ 1፦ ትንሽ ጨዋታ ምረጡ

አንድ ዙሩ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ ይሁን። ትልልቅ የእግር ኳስና የጦርነት ጨዋታዎችን ተዉ። ብዙ ነገር ስላላቸው የትኛውን እንደምትገመግሙ ይጠፋችኋል፤ መጨረሻ ላይም የምታወሩት ስለ ሥዕሉ ብቻ ይሆናል። ዳይኖሰሩ ጥሩ ነው። ገበጣም ጥሩ ነው። ሰኞ ማክሰኞም ጨዋታ ነው፤ ግቢ ውስጥ በጠመኔ ተሠምሮ ሊገመገም ይችላል።

ደረጃ 2፦ ሦስት ጊዜ ቁጭ በሉ፣ በየጊዜው ሌላ ነገር እዩ

1. በመጀመሪያው ጊዜ ዝም ብላችሁ አሥር ዙር ተጫወቱ። የእያንዳንዱን ዙር ውጤት ጻፉ።
2. በሁለተኛው ጊዜ አሟሟታችሁን መዝግቡ። ዝላያችሁ ዘገየባችሁ? ቀደማችሁ? ወፏ መጣችና ደነገጣችሁ? በየዙሩ አንድ መስመር ይበቃል።
3. በሦስተኛው ጊዜ ጨዋታውን ለማበላሸት ሞክሩ። ምንም አትንኩ። ወይም ያለማቋረጥ ዝለሉ። አጭበርብራችሁ ማለፍ ትችላላችሁ?

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዋናው እሱ ነው። ዳይኖሰሩ ላይ ያለማቋረጥ ብትዘሉ ቁልቋሉ ላይ የምታርፉበት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ጨዋታው በጭፍን አይሸነፍም፤ ማየትና መጠበቅ ግድ ነው። ይህን አንድ ነገር መጻፍ ስለ ቀለሙ አሥር መስመር ከመጻፍ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ አምስቱን ጥያቄ መልሱ

1. ተጫዋቹ ምን ያደርጋል? በአንድ ግስ መልሱ። ዳይኖሰሩ ይዘላል (በኋላ ወፎች ሲመጡ ጎንበስም ይላል)።
2. ምን ይፈልጋል? ሩቅ መድረስ። በየ100 ነጥቡ ድምፅ ይሰማል፤ ያቺ ድምፅ ትንሽ ሽልማት ናት።
3. ምን ያስቸግረዋል? ቁልቋልና ወፍ፤ ከሁሉም በላይ ግን ፍጥነቱ። ሩጫው እየፈጠነ ይሄዳል።
4. ምን ይወስናል?
5. ሲሸነፍ ምን ይሆናል? ወዲያው እንደገና ይጀምራል። ማስታወቂያ የለ፣ መጠበቅ የለ። ሰው «አንድ ጊዜ ብቻ» እያለ ግማሽ ሰዓት የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

አራተኛው ላይ ቆም በሉ። እባብና መሰላል ስትጫወቱ ምን ትወስናላችሁ? ምንም። ዳይሱ ይወድቃል፣ እናንተ ትቆጥራላችሁ። ገበጣ ላይ ግን ከየትኛው ጉድጓድ እንደምታነሡ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፤ ስህተቱም የእናንተ ነው። ዳይኖሰሩ ላይ ውሳኔው «መቼ» ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ካጣችሁለት ያንኑ ጻፉ፤ እሱም ግኝት ነው።

ደረጃ 4፦ ጻፉት

ደካማው እንዲህ ነው፦ «የዳይኖሰሩ ጨዋታ ቀላልና አዝናኝ ነው። ሁሉም ሰው ሊጫወተው ይገባል።»

ይህኛው ደግሞ ነጥብ ያስገኛል፦ «የጨዋታው ዋና ተግባር አንድ ነው፦ መዝለል። የሚከብደው ፍጥነቱ እየጨመረ ስለሚሄድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሠራልኝ የዝላይ ጊዜ በኋላ አልሠራም። ከአሥር ዙር በሰባቱ የሞትኩት ዘግይቼ በመዝለል ነው። ድክመቱ፦ አጀማመሩ ሁልጊዜ ቀርፋፋ ስለሆነ የለመደ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ይሰለቻል።»

ልዩነቱን አያችሁ? ሁለተኛው ቁጥር አለው፣ ምክንያት አለው፣ ድክመትም አለው። ሰባቱ የኔ ምሳሌ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ።

*ገጹ አልሞላ ካለ፦* ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። የሚጻፍ ያጣ ሰው ብዙውን ጊዜ መዝግቦ አልተጫወተም።

ክፍል ሁለት፦ የራሳችሁ ጨዋታ

ደረጃ 5፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት

«ተጫዋቹ ስጥ ይጠብቃል፤ ዶሮዎች ከአራቱም አቅጣጫ ይመጣሉ፤ ሳይደርሱ ማባረር አለበት።» አለቀ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ማን፣ ምን ያደርጋል፣ ምን ያስቸግረዋል የሚሉት ካልገቡ ገና አልጀመራችሁም። «አንድ ጀግና አገሩን ከጠላት የሚያድንበት» የሚል ከሆነ ደግሞ የጻፋችሁት የፊልም ታሪክ ነው።

ደረጃ 6፦ ኮምፒውተሩን ዝጉና ወረቀት ላይ ሥሩት

እዚህ ብዙ ተማሪ ይቸኩላል። አትቸኩሉ። ወረቀት ላይ አንድ ሕግ ለመቀየር ላጲስ ይበቃል፤ ኮድ ላይ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

1. 7 በ7 ካሬ ሥሩ። የመሐሉ ካሬ ስጡ ነው። 6 ሽምብራ አስቀምጡበት።
2. በአራቱም ጠርዞች ላይ መካከለኛዎቹን ካሬዎች 1፣ 2፣ 3፣ 4 በሏቸው። ዶሮዎች የሚገቡት በእነዚህ ነው።
3. ላጲሱ ጠባቂው ነው። ከስጡ አጠገብ ካሉት ካሬዎች በአንዱ ላይ አስቀምጡት።
4. በየዙሩ ዳይስ ጣሉ። ከ1 እስከ 4 ከወጣ በዚያ ቁጥር አንድ ዶሮ (ቆርኪ) ይግባ። 5 ወይም 6 ከወጣ ማንም አይገባም።
5. ጠባቂው አንድ ካሬ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ታች ይንቀሳቀስ። ዶሮ ያለበት ካሬ ላይ ካረፈ ዶሮዋ ተባረረች።
6. ከዚያ ዶሮዎቹ ሁሉ አንድ አንድ ካሬ ወደ ስጡ ይቅረቡ። ስጡ ላይ የደረሰች አንድ ሽምብራ ለቅማ ትወጣለች።
7. ሽምብራው ካለቀ ተሸነፋችሁ። 20 ዙር ከቆየ አሸነፋችሁ።

ደረጃ 7፦ የጎደለውን ሕግ ፈልጉ

የመጀመሪያውን ወረቀት ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት። ሁለት ዙር ተጫወተች። ከዚያ ላጲሱን አንስታ መሐል፣ ስጡ ላይ አቆመችው። «እዚሁ ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ» አለች። እውነቷን ነው። ዶሮዎቹ ሁሉ የሚመጡት ወደዚያ ስለሆነ እያንዳንዷ ስትደርስ ትባረራለች፤ ጠባቂው ከቦታው ንቅንቅ ማለት አይጠበቅበትም። ሦስት ቀን ያሰብኩት ጨዋታ በሦስት ደቂቃ ፈረሰ።

ያዳነን የእናቴ ድምፅ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ከወዲያ «እህል ይረገጣል እንዴ?» አለች። ሕጉ እሱ ነበር፦ *ጠባቂው ስጡ ላይ መቆም አይችልም።* አሁን ዙሪያውን መዞር ግድ ሆነ። አንድ ቦታ ቆሞ የሚቀር ሰው አንዱን ጎን ብቻ ይጠብቃል፤ ሦስቱ ክፍት ይሆናሉ።

እናንተም እንዲህ ፈትሹ፦

- አንድ ቦታ ቆሞ ማሸነፍ ይቻላል?
- አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ እየደጋገሙ ማሸነፍስ?
- ሕጉ ዝም ያለበት ቦታ አለ? ለምሳሌ ዶሮዋ ራሷ መጥታ ጠባቂው ካሬ ላይ ብትወጣስ? (እኔ «ተባረረች» ብያለሁ።) ሁለት ተጫዋቾች የሚከራከሩበት ቦታ ሁሉ ሕግ የጎደለበት ነው።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን አስተካክሉ

ጠባቂው ለምን አንድ ካሬ ብቻ? ቁጠሩት። ዶሮዋ ገብታ ስጡ ላይ እስክትደርስ ጠባቂው ሦስት ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ከስጡ አጠገብ ቆሞ ወደ ተቃራኒው ጎን ለመዞር አራት ካሬ ያስፈልገዋል። በየዙሩ ሁለት ካሬ ከሄደ በሦስት ጊዜ ስድስት ይሄዳል፤ ብቻዋን የመጣች ዶሮ ፈጽሞ አታመልጠውም። አንድ ካሬ ከሆነ ግን ሦስት ብቻ ነው፤ ከጀርባው የገባችዋ ታመልጠዋለች። እዚህ ላይ ነው ውሳኔ የሚመጣው፦ የቱን ዶሮ ልተው?

የሽምብራውንም ቁጥር በግምት አታስቀምጡ። ከስድስቱ የዳይስ ፊቶች አራቱ ዶሮ ያመጣሉ። በ20 ዙር በአማካይ 13 ያህል ዶሮ ይገባል ማለት ነው። 13 ሽምብራ ብታስቀምጡ ምንም ያልሠራ ሰውም ሊያሸንፍ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩ። ሽምብራውንም እርምጃውንም አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም።

*በጣም ቀለለ?* ሽምብራ ቀንሱ። *በጣም ከበደ?* 5 እና 6 ላይ 4ን ጨምራችሁ «ማንም አይገባም» በሉ፤ የጎን 4ን ደግሞ ዝጉ።

ደረጃ 9፦ ወደ ስክራች አስገቡት

ብሎኮቹን በቀለማቸው እጠራቸዋለሁ። ፕሮግራሙን በየትኛውም ቋንቋ ብትከፍቱት ቀለሙ ያው ነው፦ እንቅስቃሴ ሰማያዊ፣ መነሻዎቹ ቢጫ፣ መቆጣጠሪያው ብርቱካናማ፣ «ነካ ወይ?» የሚሉት ውኃ ሰማያዊ፣ ቁጥር የሚይዙት ተለዋዋጮቹ ደማቅ ብርቱካናማ።

ሜዳው 480 በ360 ነው። መሐሉ ኤክስ 0፣ ዋይ 0 ነው። ሥዕል አታሳምሩ። ስጡ ትልቅ ቢጫ ክብ፣ ጠባቂው ትንሽ አረንጓዴ ክብ፣ ዶሮዋ ቀይ ክብ ይሁኑ። ዶሮ መሣሉ የመጨረሻው ቀን ሥራ ነው።

ሀ. ሁለት ተለዋዋጭ ፍጠሩ፦ ሽምብራ እና ነጥብ። ሁለቱንም «ለሁሉም ስፕራይት» አድርጉ (ስፕራይት ማለት እንደ ጠባቂውና ዶሮዋ ሜዳው ላይ ያለ እያንዳንዱ ሥዕል ነው)።

ለ. ሜዳው ላይ፦ አረንጓዴው ባንዲራ ሲነካ ሽምብራን 6፣ ነጥብን 0 አድርጉ። ከዚያ ሽምብራ ከ1 እስኪያንስ ጠብቁ፤ ሁሉንም አቁሙ። በሌላ ባንዲራ ሥር ደግሞ 60 ሰከንድ ጠብቃችሁ ሁሉንም አቁሙ። እዚያ ከደረሰ ተጫዋቹ አሸንፏል።

ሐ. ጠባቂው ላይ፦ ባንዲራው ሲነካ ወደ ኤክስ 0፣ ዋይ −80 ይሂድ። ከዚያ ሳያቋርጥ የሚደግመው ብሎክ ውስጥ፦ የቀኝ ቀስት ከተጫነ ኤክስን በ5 ቀይሩ፤ ስጡን ከነካ ወዲያው በ−5 መልሱ። ለአራቱም ቀስቶች ይህንኑ ድገሙ። የእናቴ ሕግ በኮድ ሲጻፍ እንዲህ ነው።

መ. ዶሮዋ ላይ፦ ባንዲራው ሲነካ፣ ሳያቋርጥ የሚደግመው ብሎክ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ቁጥር በዕጣ ይውጣ። በቁጥሩ መሠረት ዶሮዋ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ ወይም ከግራ ትነሣ። ወደ ስጡ ትዙር። ስጡን ወይም ጠባቂውን እስክትነካ 2 እርምጃ እየሄደች ትድገም። ከዚያ ጠባቂውን ነክታ ከሆነ ነጥብ በ1 ይጨምር፤ ካልሆነ ሽምብራ በ1 ይቀንስ።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ወረቀቱ ላይ አራቱም ጎኖች እኩል ይርቃሉ። ስክሪኑ ግን ወደ ጎን ይሰፋል፦ ከመሐል እስከ ቀኝ ጠርዝ 240፣ እስከ ላይ 180 ብቻ። ዶሮዎቹን ከጠርዝ ካስነሣችኋቸው የላይና የታቹ ቀድመው ይደርሳሉ። ሁሉንም ከ170 ርቀት አስነሡ።

ሠ. ሁለተኛ ዶሮ፦ የመጀመሪያዋ በትክክል ስትሠራ ብቻ ስፕራይቷን አባዙት። በአዲሷ ላይ ከድግግሞሹ በፊት «1 ሰከንድ ጠብቅ» ጨምሩ፤ አለዚያ ሁለቱ እኩል ይነሣሉ።

በየደረጃው አስቀምጡ፤ በየጊዜውም አዲስ ስም ስጡት፦ ስጥ1፣ ስጥ2፣ ስጥ3። መብራት ማንንም አይጠይቅም። ያበላሻችሁት ቀንም ወደ ትናንቱ ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 10፦ አልሠራ ሲል

*ጠባቂው አንዴ ይነቀነቅና ቆም ብሎ ይሄዳል።* ቢጫውን «ቀስት ሲጫን» ተጠቅማችኋል። እሱ የኪቦርዱን ድግግሞሽ ነው የሚጠብቀው። ሳያቋርጥ በሚደግመው ብሎክ ውስጥ ውኃ ሰማያዊውን «ቀስቱ ተጭኗል?» ተጠቀሙ።

*ዶሮዋ ወደ ግራ ስትሄድ በጀርባዋ ትገለበጣለች።* የአዞዋወሯን ዓይነት ወደ «ግራና ቀኝ ብቻ» ቀይሩ።

*ሁለተኛ ዙር ስጀምር የድሮው ነጥብ አለ።* ባንዲራው ሥር 0 አላደረጋችሁትም።

*ሁለተኛዋ ዶሮ ስትባረር ነጥቡ አይቆጥርም።* ተለዋዋጩን ስትፈጥሩ «ለዚህ ስፕራይት ብቻ» ብላችሁታል። አጥፍታችሁ እንደገና ፍጠሩት።

*ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል።* ድሮ የቀረው ሽምብራ 0 ሆኖ ይሆናል። 6 የሚያደርገው ብሎክ ከመጠበቂያው በላይ መሆኑን እዩ።

*ምኑ እንደተበላሸ ጭራሽ አይታወቅም።* ብሎኮቹን ከሥር ጀምራችሁ አንድ በአንድ ነቅላችሁ ወደ ጎን አድርጉ፤ በየመሐሉ ባንዲራውን ንኩ። ችግሩ የጠፋበት ጊዜ የነቀላችሁት ነው ጥፋተኛው።

ደረጃ 11፦ አፋችሁን ይዛችሁ አስሞክሩ

1. ሞካሪውን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጡ። «ተጫወት» ብቻ በሉ። ምንም አታስረዱ።
2. ከኋላው ቁሙ። ሲሳሳት አትናገሩ። ይህ ከባድ ነው፤ «አይ፣ በዚህ በኩል!» ማለት ምላሳችሁን ይበላችኋል። ቻሉት። መምህሩ ቤታቸው ሲከፍቱት እናንተ ከኋላ አትኖሩም።
3. ሦስት ነገር ጻፉ፦ የት ግራ ገባው? የት ሳቀ ወይም ተናደደ? ሳይታዘዝ ስንት ጊዜ ደገመው?
4. ሲጨርስ «ወደድከው?» አትበሉ። ወዳጅ ሁሉ «አሪፍ ነው» ይላል፤ ያንን ከመጀመሪያው ሸሽተነዋል። «ምን ማድረግ እንዳለብህ መቼ ገባህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የቱን ዶሮ ለምን ተውክ?» ብላችሁም ጠይቁ። ሁለተኛውን ሳያስብ ከመለሰ ውሳኔው እየሠራ ነው።
5. ከአንዱ ሞካሪ ወደ ሌላው ስትሄዱ በመሐል አንድ ነገር ብቻ አርሙ።

*ሞካሪው በግማሽ ደቂቃ ተሰላችቶ ከተነሣ፦* አትከፉ። ፍጥነቱን ከ2 ወደ 3 ከፍ አድርጉ፤ ወይም ሦስተኛ ዶሮ ጨምሩ። ሁለቱን አንድ ላይ አይደለም።

*መጀመሪያውኑ ሥራው ካልገባው፦* ማብራሪያ ገጽ አትጨምሩ፤ ማንም አያነበውም። ሽምብራዎቹን ስጡ ላይ እንዲታዩ አድርጉ። እህል ሲቀንስ ያየ ሰው ምን እንደሚጠብቅ ይገባዋል።

ደረጃ 12፦ ስታስረክቡ

ሦስት ነገር ስጡ፦ ግምገማውን፣ የስክራቹን ፋይል፣ እና ያን የተሰረዘ የተደለዘ የ7 በ7 ወረቀት። ወረቀቱን በንጹሕ አትገልብጡት። የትኛው ሕግ እንደተሰረዘና ለምን እንደሆነ በጎኑ በአንድ መስመር ጻፉ።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ ከጫናችሁ በኋላ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጊዜ ክፈቱት። ጊዜ ካጠረና ስክራቹ ግማሽ ከቀረ ግማሹን ኮድ ደብቃችሁ ሰበብ አትፈልጉ። ወረቀቱን፣ ቆርኪውንና ሽምብራውን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና መምህሩን አጫውቷቸው።